ከፍታውን አስቀድሞ መጻፍ፦ ከተራረፈ ዕቃ የተሠሩ ሮኬቶች በሚወነጨፉበት ቀን የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን ወላጆች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ የሳይንስ ክበብ አባላት የሆናችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የክበቡ አስተባባሪዎች ስለ ዛሬዎቹ ሮኬቶች እንድናገር ሲጋብዙኝ አሸናፊው በምን እንደሚለይ ጠይቄያቸው ነበር። የሰጡኝ መልስ ማናችንም የምንጠብቀው ነው፤ ከሁሉ ከፍ ብሎ የወጣው ያሸንፋል አሉኝ። ከተወያየንበት በኋላ ግን ደንቡ ተለውጧል። ዛሬ የሚሸለመው ከመወንጨፉ በፊት ቡድኑ በወረቀት ጽፎ ካስገባው ከፍታ አቅራቢያ የሚደርሰው ሮኬት ነው፤ ሌላው ከእርሱ ሁለት እጥፍ ከፍ ቢልም እንኳ። ለውጡ ከተማሪዎቹ መካከል ቅር ያሰኛቸው እንዳሉ ስለሰማሁ፣ የተሰጠኝን ጊዜ ምክንያቱን ለማስረዳት እጠቀምበታለሁ።

በመጀመሪያ ጠረጴዛዎቹ ላይ የተደረደረውን እንመልከት። የሮኬቶቹ አካል ባዶ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ነው። ክንፎቹ ከአሮጌ የራጅ ፊልምና ከካርቶን ተቆርጠዋል፤ አየር የሚገባበት ቫልቭ ጎሚስታ ቤት ከተጣለ ካላማዳሪያ የተፈታ ነው፤ ፓራሹቱ ፌስታልና ሲባጎ ነው፤ የአፍንጫውም ክብደት ለመስኮት መስታወት ከሚለጠፈው ስቱኮ የተረፈ ቁራጭ ነው። የተገዛ ነገር ቢኖር ፕላስተሩ ብቻ ይመስለኛል። የቀረው ሁሉ ለቆራሌው ሊሰጥ ወይም ሊጣል የነበረ ነው። ይህን ስል ግን ዕቃው የተራረፈ ስለሆነ ምርጫ አያስፈልገውም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም የተገዛ ዕቃ ላይ አምራቹ የሚሸከመው ልክ ተጽፎበት ይመጣል፤ የወደቀ ዕቃ ላይ ግን ልኩን መመርመር የሠሪው ሥራ ይሆናል።

ለምሳሌ ጠርሙሱን እንውሰድ። የሃይላንድ ጠርሙስና የለስላሳ ጠርሙስ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ ሊሠሩ ይችላሉ፤ አገልግሎታቸው ግን የተለያየ ነው። ጋዝ ያለበት መጠጥ በተለይ በሞቃት ቀን ጠርሙሱን ከውስጥ በብርቱ ስለሚገፋው ግድግዳውም ሥሩም ያንን እንዲችል ተደርጎ ይሠራል። ጋዝ የሌለበት ውሃ ግን ምንም ስለማይገፋ አምራቹ ግድግዳውን ያሳሳዋል። ስለዚህ ሃይላንዱ ለአፍንጫና ለክንፍ ማቀፊያ እንጂ አየር ለሚታጨቅበት ክፍል አይሆንም። የለስላሳውም ቢሆን በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ፣ በጋለ ሙጫ ከተነካ ወይም ፀሐይ ላይ ከርሞ ከሆነ ወደ ጎን ይቀመጥ። ክንፉን በሚያቃጥል ማጣበቂያ ከመለጠፍ ይልቅ በፕላስተር መጠምጠም የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልለፍ። ጠርሙሱ ውስጥ የተወሰነ ውሃ ይጨመርና በላዩ ያለው አየር በብስክሌት መንፊያ ይታመቃል። ኃይሉን የሚያከማቸው አየሩ ነው፤ እንደ ሞላ ተጨምቆ ይቆያል። ውሃው ሊታመቅ ስለማይችል ጉልበት አያከማችም፤ ነገር ግን ክብደት አለው፤ ወደ ታች የሚወረወር ክብደት ያለው ነገር ከሌለ ደግሞ ሮኬቱ ወደ ላይ የሚገፋበት ነገር አይኖረውም። አፉ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ ከውጭው አየር በ4 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የበለጠ ግፊት ቢይዝ፣ ውሃው ሲጀምር በሰከንድ 28 ሜትር ያህል ፍጥነት ይወጣል፤ የሚፈጥረውም ገፊ ኃይል፣ በኃይል መለኪያው በኒውተን፣ ወደ 300 ይጠጋል። ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ውሃ የያዘ ሮኬት በጠቅላላው ሰባት መቶ ሃምሳ ግራም ቢመዝን፣ የሚገፋው ኃይል ከራሱ ክብደት ወደ 40 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ውሃውም ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አልቆ ይወጣል። ዓይን የሚያየው የበረራ ክፍል ሁሉ፣ ከዚያች ቅጽበት በስተቀር፣ ባዶ ጠርሙስ ባገኘው ፍጥነት አየሩን እየሰነጠቀ የሚሄድበት ነው።

ውሃው ምን ያህል ይሁን የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ሩሲያዊው መምህር ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1903 ባሳተሙት ቀመር እንዳሳዩት፣ ሮኬት የሚያገኘው ፍጥነት በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ አንዱ የሚወረወረው ነገር የመውጫ ፍጥነት ነው፤ ሌላው ሮኬቱ ሞልቶ ሲነሣ ያለው ክብደት ባዶውን ካለው ክብደት ጋር ያለው ጥምርታ ነው። በጠርሙስ ሮኬት ሁለቱ ይሻማሉ። ውሃ ባበዛችሁ መጠን ለአየሩ የሚቀረው ቦታ ስለሚጠብ ግፊቱ ቶሎ ይወድቃል፤ ውሃ ባሳነሳችሁ መጠን ደግሞ የሚወረወረው ክብደት ያንሳል። ከጠርሙሱ ሩብ እስከ ሲሶ የሚለው የተለመደ ልክ የመጣው ከዚህ ሽሚያ ነው። ትክክለኛው ነጥብ ግን በሮኬቱ ባዶ ክብደት ስለሚለዋወጥ ከሌላ ቡድን ሊቀዳ አይችልም።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ጊዜ የምትወስድባችሁ፣ ልትወስድባችሁም የሚገባት ነገር ሚዛን ናት። እያንዳንዱ ሮኬት ሁለት ነጥቦች አሉት። አንደኛው የክብደቱ ማዕከል ነው፤ ሮኬቱን በጣት ላይ አጋድማችሁ ሳይወድቅ የሚቆምበት ቦታ ማለት ነው። ሁለተኛው በጎኑ የሚመጣ አየር ተጠቃሎ የሚገፋበት ማዕከል ነው። የክብደቱ ማዕከል ከአየሩ ማዕከል ወደ አፍንጫው ቀደም ብሎ፣ ቢያንስ የሮኬቱን ወርድ ያህል ርቆ ከተገኘ፣ ሮኬቱ ዘንበል ባለ ቁጥር አየሩ ጅራቱን ገፍቶ ያቃናዋል። የሁለቱ ነጥቦች ቅደም ተከተል ከተገላበጠ ግን አየሩ ዘንበሉን ያባብሰዋል፤ ሮኬቱም አየር ላይ ይንከባለላል። አፍንጫው ላይ ስቱኮ የምናደርገው የፊተኛውን ነጥብ ወደፊት ለመሳብ ነው፤ ጅራቱ ላይ ክንፍ የምናደርገውም የኋለኛውን ነጥብ ወደ ኋላ ለመጎተት ነው።

ጉዳዩ ለታላላቆቹም ቀላል አልነበረም። ሮበርት ጎዳርድ እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1926 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ኦበርን በምትባል ከተማ በሚገኝ እርሻ ላይ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራውን የመጀመሪያውን ሮኬት ሲያስወነጭፍ፣ የሚገፋውን ክፍል ከላይ፣ የነዳጅና የኦክስጅን ጋኖቹን ከታች አድርጎ ነበር። ከፊት የሚሳብ ነገር ቀጥ ብሎ ይሄዳል የሚለው ግምት ለጆሮ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ገፊው ኃይል ከሮኬቱ ጋር አብሮ ስለሚዞር ከፊት መሆኑ ብቻውን ሮኬቱን አያቃናም። በኋላ በሠራቸው ሮኬቶች ገፊው ክፍል ወደ ታች ወርዷል፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ በጃይሮስኮፕ፣ ማለትም በፍጥነት እየተሽከረከረ አቅጣጫውን በሚጠብቅ መሣሪያ፣ አቅጣጫን መቆጣጠር ሞክሯል። ያ የ1926ቱ በረራ የቆየው ሁለት ሰከንድ ተኩል ሲሆን የደረሰበትም ከፍታ 12.5 ሜትር ብቻ ነበር። ዛሬ ከእናንተ ጠርሙሶች ብዙዎቹ ያንን ያልፉታል። ከፍታ ብቻውን መለኪያ ቢሆን ኖሮ ጎዳርድ በዚህ ሜዳ ላይ ተሸናፊ በሆነ ነበር።

የአየሩን ማዕከል በስሌት ማግኘት ለምትፈልጉ፣ ጄምስ ባሮማን የተባለ የናሳ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለአነስተኛ ሮኬቶች ያዘጋጀው የስሌት ዘዴ አለ። ከዚያ በፊት ግን መቀስና ካርቶን ይበቃሉ። የሮኬቱን የጎን ቅርጽ በካርቶን ላይ ስላችሁ ቆርጣችሁ አውጡና ካርቶኑ በጣት ላይ የሚመዘንበትን ነጥብ ፈልጉ፤ ግምቱ ወደ ጥንቃቄ ያደላ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ቀጥላችሁም ሮኬቱን በክብደቱ ማዕከል ላይ በሲባጎ አስራችሁ በራሳችሁ ዙሪያ አሽከርክሩት፤ አፍንጫውን አስቀድሞ ከዞረ ሚዛኑን ይዟል። ይህን ሙከራ ያለ ውሃ አድርጉት፤ ምክንያቱም ቅድም እንዳልሁት በረራው ከሞላ ጎደል የሚካሄደው በባዶ ጠርሙስ ነው። ክንፍ ማስፋትም ወሰን አለው፤ ከልክ በላይ የሰፋ ክንፍ ሮኬቱን ወደ ነፋሱ ምንጭ ያዞረውና ከፍታውን ወደ ጎን ጉዞ ይለውጥበታል።

እንግዲህ የደንቡ ለውጥ ከዚህ ላይ ይገናኛል። ከፍታን ብቻ የሚሸልም ውድድር ተወዳዳሪውን ወደ አንድ አቋራጭ ይመራዋል፤ ጨምሮ መንፋት። ስድስት ባር፣ ሰባት ባር፣ እያለ ጠርሙሱ እስኪፈነዳ። ይህ ባዶ ሥጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1957 የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ ከተላከች በኋላ በአሜሪካ ብዙ ወጣቶች በየቤታቸው ኬሚካል እየቀላቀሉ ሮኬት ለመሥራት ሲሞክሩ ተጎድተዋል። በኔብራስካ ግዛት ኖርፎክ በምትባል ከተማ የጫማ መደብር የነበረው ኦርቪል ካርላይል ግን እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ወጣቶች ራሳቸው ምንም ሳይቀላቅሉ የሚያበሩት፣ ከወረቀትና ከቀላል እንጨት የተሠራ ትንሽ ሮኬት አዘጋጅቶ ነበር። በዋይት ሳንድስ የሮኬት መሞከሪያ የሚሠራው ሃሪ ስታይን ስለ ወጣቶች የሮኬት አደጋ የጻፈውን ካርላይል አንብቦ ናሙናውን ላከለት፤ የአነስተኛ ሮኬት በረራ የጥንቃቄ ደንብ ይዞ የተደራጀውም ከሁለቱ ግንኙነት ነው። እኛ ደግሞ ከዚያም አንድ እርምጃ ርቀን እሳትን ጨርሰን ትተናል። የክብሪት ራስ መፋቅ፣ ማዳበሪያና ስኳር መቀላቀል በዚህ ክበብ ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ወላጆችም በቤት እንዲህ ያለ ነገር ብታዩ እንድታስቆሙ አደራ እላለሁ።

አስቀድሞ በመጻፍ የሚሸለም ውድድር ግን ብዙ በመንፋት አይሸነፍም፤ ከተገመተው በላይ የወጣ ሮኬት ከታች እንደቀረው ሁሉ ነጥብ ይጥላልና። ሐሳቡም የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአሜሪካ በሚካሄደው የተማሪዎች ብሔራዊ የሮኬት ውድድር ቡድኖች ጥሬ እንቁላል ሳይሰበር ወደተወሰነ ከፍታ አድርሰው በተወሰነ ጊዜ እንዲመልሱ ይጠየቃሉ። ሥራው ዞሮ ዞሮ ከእውነተኛው የመሐንዲስ ሥራ ጋር አንድ ነው። በዲሴምበር 2019 ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1 የተባለችውን የመጀመሪያ ሳተላይታችንን ከቻይና ታይዩዋን ይዞ የተነሣው ሮኬት ከተሰላለት ምሕዋር አልፎ ቢያደርሳት ኖሮ፣ ለከፍታው የሚያጨበጭብለት አይገኝም ነበር።

ግምት የሚቻለው ደግሞ ሁኔታው ሲደገም ነው። ጠርሙስ አፍ ላይ ቡሽ ወትፎ እስኪፈናጠር ድረስ መንፋት የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሙከራ ነው፤ ነገር ግን ቡሹ አንድ ጊዜ በሁለት ባር፣ ሌላ ጊዜ በሦስት ተኩል ሊለቅ ስለሚችል ማንም ስሌት አይደርስበትም። ስለዚህ ሁላችሁም የጠርሙሱን አንገት ጠርቅመው የሚይዙ የኬብል ማሰሪያዎችና በላያቸው የሚንሸራተት የፕላስቲክ ቱቦ ያለበትን ማስወንጨፊያ እንድትጠቀሙ ተወስኗል፤ ግፊቱ በመለኪያው ላይ ከተነበበ በኋላ ገመዱ ከሩቅ ይሳባል።

አንድ የአካባቢያችን ጉዳይ ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ፣ እዚህ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። በዚያው ልክ፣ በእኩል ፍጥነት የሚሄድ ሮኬት የሚገጥመው የአየር መከላከል እዚህ ይቀንሳል። በውጭ አገር በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ወይም የኮምፒውተር ፕሮግራም ተማምኖ የአየሩን ጥግግት ሳይለውጥ ግምቱን የጻፈ ቡድን ካለ፣ ሮኬቱ ከግምቱ አልፎ ቢወጣ አይገረም። ጊዜ ስላለ አሁንም ማስተካከል ይቻላል።

ልኬቱ የሚወሰደው በፕሮትራክተርና በቱንቢ ነው። ለካዩ ከማስወንጨፊያው 50 ሜትር ርቆ ይቆማል፤ ሮኬቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ያየበትን ዲግሪ ያነባል፤ የዲግሪው ታንጀንት በ50 ተባዝቶ የለካዩ የዓይን ቁመት ሲደመርበት ከፍታው ይገኛል። በ45 ዲግሪ አካባቢ የአንድ ዲግሪ ስሕተት የ1.7 ሜትር ያህል ልዩነት ያመጣል፤ ስለዚህ ከዚያ ያነሰ ልዩነት ያላቸው ሁለት ቡድኖች እኩል ይቆጠራሉ። ነፋስ ሮኬቱን ወደ ለካዩ ወይም ከእርሱ ወደዚያ ከወሰደው ንባቡ ስለሚያታልል፣ ለካዮቹ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ይቆማሉ፤ የሁለቱም ንባብ ይመዘገባል። ለካዮቹ የፊዚክስ መምህራኖቻችሁ ናቸው፤ ክርክር ያለው ከእነርሱ ጋር ይነጋገር።

የግፊቱ ጣሪያ 4 ባር ነው። ማንም ሰው ግፊት ወደያዘ ጠርሙስ አይጠጋም፤ ገመዱ የሚሳበው ከ10 ሜትር ርቀት ነው፤ ገመድ ሳቢዎች የዓይን መከላከያ ያደርጋሉ፤ ያልተነሣ ሮኬት ቢኖር አየሩ ከሩቅ እስኪለቀቅ ይጠበቃል። ወላጆች ከታናናሽ ልጆቻችሁ ጋር ከተሰመረው የኖራ መስመር ወደዚህ እንድትቆዩ እለምናለሁ። ነፋሱ ከረፋዱ በኋላ ስለሚበረታ አንዘግይ። ግምታቸውን ያላስገቡ ቡድኖች ባዶ ሮኬታቸውን በሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ክብደቱን ይጻፉ፤ የውሃውን መጠንና የግፊቱን ልክ ያስመዝግቡ፤ ከታች ከፍታውን በሜትር ይሙሉና ወረቀቱን ለመዝጋቢዋ ያስረክቡ። ወረቀቱ ከተሰጠ በኋላ ቁጥሩ አይለወጥም፤ ስቱኮም አይጨመርም። አንደኛው ቡድን ወደ ማስወንጨፊያው መምጣት ይችላል።