የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ለዓመታት የቆመ ትራክተር

ጥያቄ፦ ባለ 3 ሲሊንደር የናፍጣ ትራክተር 8 ዓመት ደጅ ቆሞብናል። ሞተሩ አልዞርም ብሏል። በሌላ መኪና አስጎትተን እናስነሳው?

እንዳትጎትቱት። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) በዝገት ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ጉተታው ይሰብረዋል። በጭስ ማውጫው ዝናብ ገብቶ ከሆነ ደግሞ ውሃ አይታመቅምና ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ይታጠፋል።

ኖዝሎቹን (ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጩትን) ፍቱ። ናፍጣና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ቀላቅላችሁ በየሲሊንደሩ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፤ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ሸፍናችሁ ቢያንስ 3 ቀን ተዉት። ከዚያ ሜዳ ላይ ከፍተኛውን ማርሽ አስገቡና ትራክተሩን በሰው ጉልበት ወደፊትና ወደኋላ አወዛውዙት። ካልተነቃነቀ እንደገና ጨምራችሁ ጠብቁ። ትዕግሥት ከአዲስ የሞተር ብሎክ ይረክሳል።

ሲላቀቅ ኖዝል ሳትመልሱ በሞተሪኖ (በማስነሻ ሞተሩ) አዙሩት፤ የቀረው ፈሳሽ በኃይል ስለሚወጣ ከቀዳዳዎቹ ፊት ማንም አይቁም። የዘይት መውረጃውን ብሎን መጀመሪያ በትንሹ ብቻ አላሉት። ውሃ ከዘይት በታች ስለሚተኛ፣ ካለ ቀድሞ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ዘይቱን ግን ውሃ ባይኖረውም ቀይሩት፤ የጨመራችሁት ናፍጣ ወርዶ አቅጥኖታል።

የቫልቮላውን ክዳን አንሱና ሞተሩ ሲዞር ሁሉም ቫልቮላዎች መከፈት መዘጋታቸውን በዓይናችሁ እዩ። አንዱ ተጣብቆ ከቀረ መግፊያ ዘንጉ ይታጠፋል። ቀጥሎ ሞተሩ እንዳይነሳ ማጥፊያውን እንደሳባችሁ፣ የዘይት ግፊት ጌጁ እስኪነሳ በሞተሪኖ አዙሩ።

ለመጀመሪያው ማስነሳት ወፍራም ጠፍጣፋ ጣውላ አየር መሳቢያው አጠገብ ይዘጋጅ። ናፍጣ ወደ ኖዝሎቹ የሚገፋው ፖምፓ ውስጠኛ ክፍል ተጣብቆ ሞተሩ ያለልክ መሮጥ ከጀመረ የሚያቆመው አየር መከልከል ነው። በእጅ ግን በጭራሽ! የአየር ማጣሪያው ዘይት የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነም ከምልክቱ አታሳልፉ፤ ሞተሩ ትርፉን ዘይት ስቦ እንደ ነዳጅ ሊያቃጥለው ይችላል።

ጥያቄ፦ ማሲ ፈርጉሰን 135 አለኝ። ሲነሳ ደህና ነው፤ 10 ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል፣ ካረፈ ደግሞ ይነሳል። ፖምፓው ይቀየር ተብያለሁ።

ፖምፓውን ለጊዜው አይንኩት። ሲጠፋ ወዲያው የታንከሩን ክዳን ይክፈቱ። አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ከተሰማና ከዚያ በኋላ ሳይጠፋ ከሠራ፣ የተደፈነው የክዳኑ መተንፈሻ ነው። መፍትሔው ቀጭን ሽቦ ነው።

ካልሆነ ከታንከር የሚመጣውን ቱቦ ማንሻ ፖምፓው (ናፍጣ ከታንከሩ ስቦ ወደ ዋናው የሚገፋው ትንሽ ፖምፓ) ጋ ፈተው ናፍጣውን ወደ ባልዲ ያፍስሱ። በደንብ ጀምሮ ከደቂቃዎች በኋላ ከቀጠነ፣ የዝገት ቅርፊት ወደ መውጫው እየተሳበ ይዘጋዋል ማለት ነው። ሞተሩ ሲያርፍ ቅርፊቱ ተመልሶ ስለሚዘቅጥ ነው እንደገና የሚነሳው። ታንከሩን አውርዶ ማጠብ እንጂ ፊልትሮ መቀየር ብቻውን አይበቃም።

ሦስተኛው ሰበብ ወደ ናፍጣው መስመር የሚገባ አየር ነው። በየመገጣጠሚያው ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች (ማሸጊያ ቀለበቶች) አንዴ ከተጨመቁ ይጠነክራሉና በደንብ አያሽጉም። አዲስ ከሌለ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆኑ አግለው ውሃ ውስጥ ይንከሯቸው፤ መዳብ በዚህ ይለሰልሳል።

አየር የሚወጣው በቅደም ተከተል ነው። የፊልትሮውን ብሎን ያላሉና የማንሻ ፖምፓውን የእጅ ማንሻ እየገፉ አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲመጣ ይጥበቁ። ማንሻው ሳይከብድ የሚላላ ከሆነ የተበላሸ አይምሰልዎ፤ ካሙ (ፖምፓውን የሚገፋው የሞተሩ ዘንግ ጉብታ) ገፍቶት ቆሞ ነው፣ ሞተሩን አንድ ዙር ያዙሩት። ቀጥሎ በዋናው ፖምፓ ጎን ያለው ብሎን፣ ከዚያ ላይኛው። በመጨረሻ ማጥፊያውን መልሰው፣ ነዳጅ መስጫውን ሙሉ ከፍተው፣ የሁለት ኖዝሎችን ዳዶ አንድ ዙር ያህል ያላሉና ናፍጣ እስኪመጣ በሞተሪኖ ያዙሩ፤ ከ15 ሰከንድ በላይ በአንድ ጊዜ አይያዙት።

የሚያፈስ የኖዝል ቱቦ በጣት አይዳሰስም። ያ ግፊት ቆዳ በስቶ ናፍጣ ሥጋ ውስጥ ያስገባል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢያክል እንኳ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ነው።

ጥያቄ፦ ባትሪው አዲስ ነው፣ የትራክተሩንም ቀለም አድሰነዋል፤ ሞተሪኖው ግን «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል።

ቀለሙ ነው የሚያጠራጥረው። ከምድር ገመዱ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ትራክተሩ ብረት የሚሄደው) ብሎን ሥር ያለውን ቀለም እስከ ብረቱ ፋቁ። ከዚያ ቴስተር ይዛችሁ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ፣ ሌላውን በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አድርጋችሁ ቁልፉን አዙሩ፤ ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ምድሩ ደካማ ነው። ከፖዘቲቭ ምሰሶው እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎንም እንዲሁ ለኩ። የ12 ቮልት ባትሪ ራሱ ሲያዞር ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ከትንሽ መኪና የተወሰደ ቀጭን ገመድም ሌላው ሰበብ ነው፤ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ጉቶ ለመንቀል ሰንሰለቱን ከፍ አድርጌ ብጠመደው ይሻላል?

አይሻልም፤ ገዳይ ነው። ሰንሰለቱ ከኋላ አክስል በላይ ከታሰረና ጉቶው እንቢ ካለ፣ የኋላ ጎማው ባለበት ቆሞ ትራክተሩ ራሱ በአክስሉ ዙሪያ ወደኋላ ይገለበጣል። ፍሪሲዮን ለመርገጥ እንኳ ጊዜ አይገኝም። ሁልጊዜ በታችኛው መጎተቻ ዘንግ ብቻ ይጠመዱ፣ ሰንሰለቱን በዝግታ ያወጥሩ፣ የፊት ጎማ ከመሬት ሲላቀቅ ይተዉት። መገልበጫ መከላከያ ብረት የሌለው ትራክተር ደግሞ ለጉቶ ሥራ ባይወጣ ይመረጣል።