ቁጥር 12 ለምን ተሸነፈች? የቁንጅና ውድድር ነጥብ ከጣና ዳር ሲታይ

[ምስል፦ ጣና ዳር፣ አመሻሽ። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ቀስ ብሎ ያልፋል።]

ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ካሉት አሳ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠናል። አሳ ጥብሱ ቀርቧል፤ እጁን የሰደደ ግን የለም። ሁላችንም አንዲት ስልክ ላይ አፍጥጠናል። ስልኳ የባለባጃጁ ጓደኛዬ ናት። የለስላሳ ጠርሙስ ተደግፋ ቆማለች። የምታሳየን ሕንድ፣ ሃይደራባድ ከተማ ውስጥ የሚካሄደውን የ72ኛው ሚስ ወርልድ ፍጻሜ ነው። መድረኩ ላይ አራት ሴቶች ቀርተዋል። አንዷ የኛዋ ሃሴት ደረጀ ናት።

ኔትወርኩ ተቆረጠ። ሲመለስ ዘውዱ የታይላንዷ ኦፓል ሱቻታ ራስ ላይ ነው። ሃሴት ሁለተኛ ወጣች። ከ108 ተወዳዳሪ ሁለተኛ! እኔ ላጨበጭብ ስል ባለባጃጁ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው።

«ተበላን!»

የተጠበሰው አሳ ራሱ የዘለለ መሰለኝ።

«ማን በላን?» አልኩት።

«ዳኞቹ ናቸዋ!»

«እንዴት አድርገው?»

ዝም አለ። ይቺን ቪዲዮ የሠራሁት ለሱ ነው።

[ምስል፦ ጠረጴዛው ላይ የቆመችው ጠርሙስ በቅርበት።]

ከስሙ እንጀምር። «ብሔራዊ የቁንጅና ውድድር» ሲባል አገር የመረጣት ይመስላል። አይደለም። መንግሥትም አይመርጣትም፣ እኔና እናንተም አንመርጣትም። ነገሩ የፈቃድ ጉዳይ ነው።

ሚስ ወርልድን በ1951 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የጀመረው ኤሪክ ሞርሊ የሚባል ሰው ነው። ሚስ ዩኒቨርስ ደግሞ በዓመቱ ካሊፎርኒያ ተጀመረ። የጀመረውም የዋና ልብስ አምራች ኩባንያ ነው። ልብሱን ለመሸጥ ማለት ነው። ሁለቱም እስከ ዛሬ የግል ድርጅቶች ናቸው። በየአገሩ አንድ አዘጋጅ ይይዙና «በኛ ስም ከአገርህ አንዲት ተወዳዳሪ ላክልን» ብለው ፈቃድ ይሰጡታል። ስልኳ የተደገፈቻትን ጠርሙስ አስቧት። ስሙ የውጭ ነው፤ የሚሞላው ግን እዚህ ነው።

ስለዚህ በአንድ ዓመት ሁለት ሦስት «ወይዘሪት ኢትዮጵያ» ብትሰሙ አትደንግጡ። አንዷ ለዚህኛው ውድድር፣ ሌላዋ ለዚያኛው ነው። አንዳንዷ ደግሞ ለየትኛውም አይደለችም። ሪባኑን ያሳተመላት አዘጋጅ ያወጣላት ስም ነው።

አገር መወከልም ቢሆን የምታስቡትን ያህል የተቆለፈ ነገር አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. ቺዲማ አዴትሺና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ስትወዳደር በዜግነቷ ላይ ትልቅ ውዝግብ ተነሳ። ነሐሴ መጀመሪያ አካባቢ ራሷን ከውድድሩ አገለለች። አባቷ ናይጄሪያዊ ናቸው። አንድ ወር ሳይሞላ ናይጄሪያ ሄዳ ተወዳደረች፣ አሸነፈች። ኅዳር ላይ ሜክሲኮ በተደረገው ሚስ ዩኒቨርስ ከዓለም ሁለተኛ ወጣች። አንዱ አገር ያንገዋለላት ልጅ ለሌላው ኩራት ሆነች።

[ምስል፦ የፔዳ ግቢ በር። ተማሪዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ።]

አሁን አንዲት የፔዳ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ተማሪ መወዳደር አማራት እንበል። ቅጽ ትሞላለች፣ ፎቶ ትልካለች። ዕድሜና ቁመት ትጠየቃለች። እስከዚህ ቀላል ነው። ከዚያ ማጣሪያው አዲስ አበባ ነው ትባላለች። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ። ትራንስፖርቱ በራሷ፣ ማደሪያው በራሷ፣ ተረከዙ እንደ ሚስማር የቀጠነው ጫማም በራሷ። ብዙ ልጆች የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው። አንድም ዳኛ ሳያያቸው።

ያለፉት ልጆች ለሳምንታት ይሠለጥናሉ። አካሄድ፣ አቋቋም፣ አነጋገር። በዚህ መሀል ቴሌቪዥን የማያሳየን ነገር አለ። በብዙ ውድድሮች ዳኞቹ እያንዳንዷን ልጅ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለብቻዋ ያነጋግሯታል። ምን ትማሪያለሽ? ማኅበረሰቡ ውስጥ ምን ሠራሽ? ብታሸንፊ ዓመቱን በምን ታሳልፊዋለሽ? እዚያ ክፍል ውስጥ ሙዚቃም መብራትም የለም። ዳኛው ልጅቷን በደንብ የሚያውቃት እዚያ ነው።

እኛ አሳ እየበላን የምናየው ምሽት የሰርጉ ቪዲዮ ነው። ሽምግልናው ያለቀው ቀደም ብሎ ነው።

[ምስል፦ ባዶ የነጥብ ወረቀት፣ እስክሪብቶ።]

ወደ ነጥቡ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። የራሴ ጉድ ስላለበት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ አንድ የተማሪዎች የቁንጅና ውድድር ላይ ዳኛ ነበርኩ። ለምን እንደመረጡኝ እስካሁን አልገባኝም። ሙሉ ልብስ ስለነበረኝ ይመስለኛል። አምስት ዳኞች ነን። ከ10 ነው የምንሰጠው። መጨረሻ ላይ ሁለት ልጆች ቀሩ፤ ቁጥር 5 እና ቁጥር 12።

ጥያቄው አንድ ነው። «ከከተማሽ አንድ ነገር ብትቀይሪ ምን ትቀይሪያለሽ?»

ቁጥር 5 እንደ ዜና አንባቢ አንበለበለችው። ሰላም፣ ፍቅር፣ ወጣቱ ትውልድ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ቁጥር 12 ማይኩን ይዛ ዝም አለች። ረጅም ዝምታ። ከኋላ አንዱ አፏጨ። ከዚያ «እምቦጩን» አለች። ጣናን የወረረውን አረም ማለቷ ነው። አንድ ቃል። ማይኩን መለሰች።

አጠገቤ የተቀመጠው ዳኛ 9 ጻፈ። «የተረጋጋች ናት፤ የምትለውን ታውቃለች» አለኝ በሹክሹክታ። ሌሎቹ ሦስቱም 9 ሰጧት። አምስተኛው ዳኛ ግን «አልተዘጋጀችም» ብሎ 4 ሰጣት። ለቁጥር 5 አራቱ ዳኞች 8፣ 8፣ 8፣ 8 ሰጡ። አምስተኛው ዳኛ 9።

እንደምር። ቁጥር 12፦ 9፣ 9፣ 9፣ 9፣ 4። ድምሩ 40። ቁጥር 5፦ 8፣ 8፣ 8፣ 8፣ 9። ድምሩ 41።

ዘውዱ ለቁጥር 5 ሆነ።

ልብ በሉ። ከአምስት ዳኞች አራቱ ቁጥር 12 ትበልጣለች ብለዋል። እንደ ቀበሌ ስብሰባ እጅ አውጡ ቢባል አራት ለአንድ ታሸንፍ ነበር። ነጥብ ሲደመር ግን የአንዱ ሰው ጭካኔ የአራቱን ሰው ፍርድ ገለበጠው። ማንም አላጭበረበረም። ድምሩም ትክክል ነው።

ይህን የሚያውቁ አዘጋጆች አንድ ዘዴ አላቸው። ለእያንዳንዷ ተወዳዳሪ ከተሰጠው ነጥብ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ይጥሉታል። በኛዎቹ ላይ እንሞክረው። ከቁጥር 12 አንድ 9ኙን እና 4ቱን ጣሉ፤ 27 ይቀራታል። ከቁጥር 5 ደግሞ 9ኙን እና አንድ 8ቱን ጣሉ፤ 24። ዳኞቹ ያው ናቸው፣ ወረቀቱም ያው ነው። አሸናፊዋ ግን ሌላ ሆነች።

ሌላም የማይታይ ነገር አለ፤ የነጥቡ ክብደት። አካሄድ ከመቶ ስንት ይይዛል? ጥያቄውስ? አካሄዱ 50 ከያዘ አንድ ዓይነት ልጅ ታሸንፋለች። ጥያቄው 50 ከያዘ ሌላ። ይህን የሚወስነው ዳኛው አይደለም። ከወራት በፊት ቢሮው ተቀምጦ ደንቡን የጻፈው ሰው ነው። በአንዳንዱ ውድድር ደግሞ ዙር በተቀየረ ቁጥር ነጥቡ ከዜሮ ይጀምራል። ሦስት ሳምንት ስትመራ የቆየች ልጅ ያለፈው ዙር ስንቋ የላትም። በአንድ ያልተሳካ መልስ ትወርዳለች።

[ምስል፦ የጥምቀት ሕዝብ፣ ሎሚ የያዘ እጅ።]

ድሮ ይሄ ሁሉ ሒሳብ አልነበረም። ሎሚ ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ብላ ያማረባትን ለብሳ የወጣችውን ልጅ፣ የወደዳት ጎረምሳ ሎሚ ይወረውርላታል። አንድ ጎረምሳ፣ አንድ ሎሚ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል።

ዛሬ ሎሚው ስልክ ውስጥ ገብቷል። «ኮድ ቁጥር 7ን ምረጡ» ይላል ማስታወቂያው። ችግሩ በብዙ ውድድሮች ድምፁ የሚገዛ መሆኑ ነው። አጎቷ ዱባይ ያለላት ልጅ መቶ ሎሚ ይወረወርላታል። እናቷ ገበያ ድንች የሚሸጡላት ልጅ ሦስት። በኔ አስተያየት የሚከፈልበት ድምፅ የገቢ ማሰባሰቢያ ነው። እንደዚያ ቢባል ምንም ክፋት የለውም። «የሕዝብ ምርጫ» ሲባል ግን ይከነክነኛል።

[ምስል፦ የዓለም ካርታ፣ አራት ቀለም።]

አሁን ወደ ሃይደራባድ እንመለስ። ሚስ ወርልድ በዚያ ምሽት የተጠቀመበት ደንብ አህጉራዊ ነበር። ዓለምን ለአራት ከፈሉት፦ አፍሪካ፣ አውሮፓ፣ አሜሪካና ካሪቢያን፣ እስያና ኦሺንያ። ከእያንዳንዱ 10 ልጆች አለፉ፤ 40 ሆኑ። ከዚያ አምስት አምስት፣ ከዚያ ሁለት ሁለት፣ መጨረሻ ላይ አንድ አንድ።

ስለዚህ ሃሴት እስከ መጨረሻዎቹ አራት ድረስ የተፋለመችው ከታይላንዷ ጋር አልነበረም። ከአፍሪካውያን እህቶቿ ጋር ነበር። ከአፍሪካ የቀሩት ሁለቱ ኢትዮጵያና ናሚቢያ ነበሩ። እዚያ ላይ አሸነፈች። በእስያ በኩል ደግሞ የቀሩት ሁለቱ ታይላንድና ፊሊፒንስ ናቸው። ፊሊፒንሷ ወደቀች። ምናልባት ከዓለም ሁለተኛዋ ጠንካራ እሷ ብትሆንስ? ደንቡ ይህን አይጠይቅም። ከአንድ ሰፈር ሁለት ሰው አይገባም፤ አለቀ።

ይህን ስነግረው ባለባጃጁ «አንተ ከማን ጋር ነህ?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ከሃሴት ጋር ነኝ። ግን ደንቡ እሷንም ጠቅሟት ሊሆን እንደሚችል ማወቅ አለብን። የጎዳንን ብቻ እየቆጠርን አንዘልቅም።

ይልቅ ስለ አሸናፊዋ የምነግራችሁ አለ። ኦፓል ሱቻታ ከዚያ ምሽት ስድስት ወር ገደማ ቀደም ብላ ሚስ ዩኒቨርስ ላይ ቀርባ ነበር። ቅድም ያልኳችሁ የሜክሲኮው ውድድር ማለት ነው። አራተኛ ወጣች። ናይጄሪያን የወከለችው ቺዲማ ቀድማታለች። ያቺው ልጅ፣ ያው ፊት፣ ያው ቁመት በስድስት ወር ውስጥ ከአራተኛ ወደ አንደኛ። ልጅቷ በስድስት ወር የተለየ ውበት አላበቀለችም። ወረቀቱና ወረቀቱን የያዘው እጅ ነው የተቀየረው።

ወረቀት ካልኩ አይቀር፦ ታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. ላስ ቬጋስ ላይ አቅራቢው ስቲቭ ሃርቪ ካርዱን አዛብቶ አንብቦ የኮሎምቢያዋን «ሚስ ዩኒቨርስ» አላት። ዘውዱም ተጫነላት። ከደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ መጣና ይቅርታ ጠየቀ። አሸናፊዋ የፊሊፒንሷ ፒያ ቩርትስባክ ነበረች። ዘውዱ ሚሊዮኖች እያዩ ከአንዷ ራስ ወርዶ ወደ ሌላዋ ሄደ። ዳኞቹ እዚያ ላይ ምንም አላጠፉም።

[ምስል፦ ረከቦት፣ ጀበና፣ ጭስ።]

ቡና የምታፈላልን እትዬ እስካሁን ዝም ብላ ስታዳምጥ ነበር። «እሱስ ይሁን፤ ራቁታቸውን የሚሄዱት ነገር ቀረ ወይ?» አለች። የዋና ልብሱን ማለቷ ነው። ሚስ ወርልድ ላይ ቀርቷል፤ ዙሩን እንደሚተወው ያስታወቀው በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። የአሜሪካው ሚስ አሜሪካም በ2018 ተወው። ሚስ ዩኒቨርስ ላይ ግን አሁንም አለ። በሌላ በኩል ሚስ ዩኒቨርስ ከ2023 ጀምሮ ያገቡና የወለዱ ሴቶችን ይቀበላል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ የ28 ዓመቱን የዕድሜ ጣሪያ አንስቷል።

«እንግዲያ እኔም ልመዝገብ ነዋ!» አለች እትዬ፣ ሁለተኛውን እየቀዳች።

መመዝገብ ለምትፈልግ ሁሉ፣ እትዬንም ጨምሮ፣ ቅጹን ከመሙላቷ በፊት አዘጋጁን መጠየቅ ያለባት ነገር አለ። የየትኛው ዓለም አቀፍ ውድድር ፈቃድ አለህ? ወረቀቱን አሳየኝ። ነጥቡ እንዴት ይደመራል፣ ማንስ ይደምረዋል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሉ። አሸናፊዋ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት በውል ትታሰራለች። ፎቶዋ የማን ነው? ማስታወቂያ ብትሠራ ገንዘቡ የማን ነው? ዘውድ ከመጫን በፊት ውሉን ዘመድም ሆነ ጠበቃ ቢያነብላት ይሻላል። በፉጨትና በጭብጨባ መሀል የሚፈረም ወረቀት ጥሩ አይደለም።

[ምስል፦ ሐይቁ ጨልሟል። የባጃጅ መብራት።]

ባለባጃጁ ተነሳ። ቁልፉን እያሽከረከረ ትንሽ አሰበ።

«ያቺ ቁጥር 12 ግን» አለኝ። «እምቦጭ ያለችው። ተበልታለች።»

«አዎ፣ ተበልታለች።»

«አምስተኛው ዳኛ ማን ነበር?»

ስኒዬን አየሁ። ቡናው አልቋል።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ተመልሶ ተቀመጠ። «አንተ ነህ እንዴ የምትበላን!» ብሎ የቀረውን አሳ ከነሰሃኑ ወደ ራሱ ሳበው።