የሸሪዓ ፍርድ ቤት መጥሪያ ቢደርስዎ፦ የፈቃድ ጉዳይ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ መጥሪያ። ካሜራው የቀጠሮው ቀን ላይ ይጠጋል።]

አባት አርፈዋል፣ ቤቱ ሊከፈል ነው። ከወራሾቹ አንዱ ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ክስ አቅርቧል፤ ለእርስዎ የደረሰዎት ይህ መጥሪያ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው» ይላል። ታዲያ በመንግሥት አዋጅ የቆመ የሃይማኖት ፍርድ ቤት ከየት መጣ? አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ብቻ። ሁለቱን አንቀጾች የሚያስታርቃቸው ይህ ስምምነት ነው። እሱ ከሌለ መንግሥት ዜጋውን በአንድ ሃይማኖት ሕግ አስገድዶ ዳኘ ማለት ነው።

[ምስል፦ የአዋጅ ቁጥር 188/1992 የመጀመሪያ ገጽ።]

በፌዴራል ደረጃ ሥራውን የሚገዛው ይህ አዋጅ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ሞግዚትነት፣ ወቅፍ (ለሃይማኖት ወይም ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ንብረት)፣ ስጦታ፣ ውርስ፣ ኑዛዜ ይታይበታል። ወንጀል አይታይበትም።

ከሳሹ ፋይል ሲከፍት ፈቅዷል። ቀሪው የእርስዎ ቃል ነው። ካልፈቀዱ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ሥልጣን ወዳለው መደበኛ ፍርድ ቤት ማስተላለፍ አለበት።

ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። «እኔ እዚያ አልዳኝም» ያለ ሰው መጥሪያውን አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ በቀጠሮው ቀንም ይቀራል። አዋጁ ግን መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት የቀረን ሰው እንደፈቀደ ይቆጥረዋል፤ ጉዳዩም በሌለበት ይታያል። ዝምታን ፈቃድ ማድረግ፣ በተለይ መጥሪያውን ማንበብ ለማይችል ሰው፣ ከባድ በደል ነው፤ የሕገ መንግሥቱንም መንፈስ ይጋፋል ብለን እናምናለን። እስኪሻሻል ድረስ ግን የሚሠራበት እሱ ነው።

ስለዚህ በቀጠሮው ቀን ይቅረቡ። ስለ ቤቱ ድርሻ አንድም ቃል ሳይመልሱ፣ «በዚህ ፍርድ ቤት ለመዳኘት አልተስማማሁም» የሚል ቀን ያለበትና የተፈረመበት ማመልከቻ ያስገቡ። ገቢ የተደረገበትን ቅጂ ይያዙ። አስቀድመው ወደ ዋናው ክርክር ከገቡ ወደኋላ መመለሱ ያስቸግራል፤ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ መዝገቡ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት አይዛወርም።

[ምስል፦ የፌዴሬሽን ምክር ቤት።]

በአዲስ አበባ አንድ የቤት ውርስ ክርክር ላይ ተከሳሾቹ አልፈቀድንም ቢሉም የሸሪዓው ፍርድ ቤት ፈረደ። ይግባኝ አሉ፣ የመጨረሻውን የሕግ ስህተት እስከሚያርመው የሰበር ችሎትም ደረሱ፣ አልተሳካም። በ1996 ዓ.ም. ግን ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ያለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት አንቀጽ 34(5)ን ጠቅሶ፣ ያለ ተከራካሪዎቹ ፈቃድ የተሰጠው ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናልና ተፈጻሚነት የለውም አለ።