ምኞታችሁን ሳይሆን የዋላችሁበትን ጻፉ
(በአዲስ አበባ፣ በቱሉ ዲምቱ ነዋሪዎች የጳጉሜን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ እህት ወንድሞቼ፤ እንደምን ዋላችሁ። ለአዲሱ ዓመት በሰላም ያድርሰን።

ጳጉሜን ላይ ዕቅድ የሌለው ሰው የለም። አንዱ ኮሌጅ ሊመዘገብ፣ አንዷ የኮንዶሚኒየም ዕዳዋን ልታቃልል፣ ሌላው ሲጋራ ሊያቆም ያስባል። ጥቅምት ሲገባ ነገሩ ይቀዘቅዛል፤ ኅዳር ላይ የሚያነሳውም የለም። ስንፍና ነው የሚሉ አሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። ከዚህ ሰፈር ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ በቃሊቲ፣ በሳሪስ አድርጎ ሥራ የሚገባ፣ ማታ 2 ሰዓት ቤቱ የሚደርስ ሰው ሰነፍ አይባልም። የጎደለው የት እንደደረሰ የሚያይበት ነገር ነው። ዛሬ የምለምናችሁም አንድ ነገር ነው፤ ደብተር ያዙ፤ ማታ ማታ ለዓላማችሁ ያደረጋችሁትን ጻፉበት።

ያደረጋችሁትን ነው ያልኩት። ብዙ ሰው ደብተር ገዝቶ መጀመሪያው ገጽ ላይ «ዘንድሮ እንግሊዝኛ እችላለሁ» ብሎ በትልቁ ይጽፋል፤ ቀጣዩ ገጽ ባዶ ይቀራል። ምኞት አንዴ ከተጻፈ በኋላ ነገ የሚጨመርበት ነገር የለም። ሥራ ግን በየቀኑ የሚጻፍ አለው፤ «ዛሬ 10 ቃል»፣ «ዛሬ 50 ብር»፣ «ዛሬ ምንም»።

ስለ አንዲት ጎረቤታችን ደብተር ልንገራችሁ፤ እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ስታዲየም አካባቢ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ ለሲኦሲ፣ ማለትም ለሙያ ብቃት ምዘና ፈተና ታጠና ነበር። ደብተሯ ባለ 50 ሉክ ነው፤ ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተይዟል። በየመስመሩ ቀኑ፣ ያነበበችው ገጽ ብዛት፣ ካላነበበችም ምክንያቱ አለ። «ሰኞ፣ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ 8 ገጽ። ማክሰኞ ዜሮ፤ ማታ የታክሲ ሰልፍ። ረቡዕ ዜሮ፤ መብራት ጠፋ። ሐሙስ፣ ጠዋት 7 ገጽ። ዓርብ ዜሮ፤ እንቅልፍ ጣለኝ።» ወሩ ሲሞላ ዜሮዎቹን በቀይ እስክሪብቶ አከበበቻቸው። ሁሉም «ማታ አነባለሁ» ብላ ያሳደረቻቸው ናቸው። ጠዋት ግን የአውቶቡሱ መነሻ እዚሁ ስለሆነ መቀመጫ ታገኛለች፤ እስከ ስታዲየም ያለው መንገድ የእሷ ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማጥናቱን ተወችው፤ ጥናቷ በሙሉ ወደ ጠዋቱ መንገድ ዞረ። ፈተናውን አልፋለች።

ዜሮዎቹን አፍራ ብትተዋቸው ኖሮ ይህ ሁሉ አይታይም ነበር። ከደብተር ሁሉ ዋጋ ያለው መስመር «ዛሬ አልሆነልኝም፤ ምክንያቱም…» የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊንም ሊያዳብራቸው የፈለጋቸውን 13 መልካም ጠባዮች በትንሽ ደብተር ላይ አስፍሮ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ሰጥቶ፣ በሳተበት ቀን ጥቁር ነጥብ ያደርግ ነበር። ስህተቱ ካሰበው በላይ ብዙ ሆኖ አገኘው፤ እየቀነሰ ሲሄድ ማየቱ ግን አስደሰተው።

ይህ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ብቻውን 100 ብር ማስቀመጥ የሚያቅተው ሰው ዕቁቡን ግን አያሳልፍም፤ ተበድሮም ቢሆን ይጥላል። ለምን? ጸሐፊው ስሙ ፊት ምልክት ያደርጋል፣ ያልጣለም ይታወቃል። ለራሳችን ዓላማም ጸሐፊ እንሁንለት ነው የምለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የወጣ አንድ ጥናት፣ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 138 ጥናቶች አንድ ላይ መርምሮ ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል፤ ሰው እድገቱን እንዲከታተል ሲደረግ ዓላማውን የማሳካት ዕድሉ ይጨምራል፤ የተከታተለውን በጽሑፍ ሲያሰፍርና ለሌላ ሰው ሲያሳውቅ ደግሞ ውጤቱ ይበልጥ ይጠነክራል።

ለሌላ ማሳየት ሲባል ግን የልባችሁን ሁሉ አይደለም። ቁጥሩን ብቻ አሳዩ፤ የቀረው የእናንተ ነው። አደራ፣ በአንድ ጊዜ ስድስት ሰባት ዓላማ አትጫኑበት። አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል። በስልክ መያዝ የሚቀናው በስልኩ ይያዝ፤ እኔ ወረቀት የምመርጠው ስልክ ለመጻፍ ተከፍቶ ቲክቶክ ላይ ስለሚያድር ነው።

ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን «ይህ የተማረ ነገር ነው» እንዳይሉ። ጭረት ይበቃል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ እናት በዋጡ ቁጥር ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር አንድ ጭረት ቢያሰምሩ፣ ሐኪሙ ሲጠይቃቸው በግምት አይመልሱም። የልጅ ልጅም ማታ ማታ «እማማ፣ የዛሬው ተሰመረ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

አሁን በተግባር። በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ደብተርና እስክሪብቶ አለ፤ የቸገረው ይውሰድ፤ ሌሎቻችን ከሱቅ እንገዛለን። ከመውጣታችሁ በፊት በየብሎካችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተጣመሩ፤ ቁጥራችሁን በየሳምንቱ የምትተያዩት ከዚያ ሰው ጋር ነው። ከዕንቁጣጣሽ በኋላ ባለው እሑድ 9 ሰዓት ላይ እዚሁ አዳራሽ እንገናኝ። ዜሮ የበዛበትም ደብተሩን ይዞ ይምጣ፤ መጀመሪያ የምናየው የእሱን ነው።

አመሰግናለሁ።