ነሐሴ ያለ ዝናብ፦ ከእናቴ ጋር በሚዩር ዉድስና በሳውሳሊቶ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? በዛሬው ዝግጅት ባለፈው ነሐሴ ከእናቴ ጋር ስላደረግሁት የግማሽ ቀን ጉዞ አጫውታችኋለሁ። ጉዞው ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ የጎልደን ጌትን ድልድይ በመሻገር ወደ ሚዩር ዉድስ ደን ይወስዳል፤ በመመለሻው ላይ ደግሞ በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በሳውሳሊቶ ያሳርፋል። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦክላንድ ስኖር 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ደኑም ከቤቴ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም። ይሁን እንጂ ከ2018 ጀምሮ መኪና የሚያቆም ሰው ቦታ አስቀድሞ መያዝ ስላለበት፣ ይህን ሳላውቅ የሄድሁ ጊዜ ከበሩ ተመልሻለሁ። ሸለቆው ውስጥ የስልክ ኔትወርክ ስለሌለ እዚያ ደርሶ ቦታ ለመያዝም አይቻልም። እናቴ ከደብረ ታቦር አካባቢ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ግን በራሴ መኪና ልወስዳት አልፈለግሁም። ወደ ደኑ የሚወርደው መንገድ ጥምዝምዝ ስለሆነ ዓይኔ ከመንገዱ አይነሣም፤ እኔ ደግሞ የፈለግሁት አጠገቧ ተቀምጬ የምታየውን አብሬ ማየትና አስጎብኚዋ የሚናገሩትን ማስተርጎም ነበር። ስለዚህ ለሁለታችን የጉብኝት ትኬት ቆርጬ 12 ሰዎች በያዘች ቫን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ተነሣን። አስጎብኚያችን ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ ሴት ነበሩ፤ እናቴም ገና ሲጨብጧት ወደዳቻቸው።

ድልድዩን ተሻግረን ወደ ኮረብታው መውጣት እንደጀመርን እናቴ መስኮቱን በጣቷ መታ አደረገችና «ባሕር ዛፍ!» አለች። በእርግጥም መንገዱን ይዞ የተሰለፈው ባሕር ዛፍ ነበር፤ በተከፈተው መስኮት የገባውም ሽታ የእንጦጦ ሽታ ነው። «ይኼን ደግሞ እዚህ ማን አመጣው?» ብላ እንድጠይቅላት ነገረችኝ። አስጎብኚዋ ከ1849ኙ የወርቅ ፍለጋ ግርግር በኋላ እንጨት ሲፈለግ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ መሆኑን አስረዱን። እኔም በበኩሌ በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት ይኸው ዛፍ እንደ ደረሰላት፣ ስሙም በአማርኛ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን እንደሚናገር ነገርኋቸው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ሴትዮዋ አንድ ነገር በተናገሩ ቁጥር እናቴ ምን እንደምትል ለመስማት ዘወር ይሉ ነበር።

ወደ ደኑ ስንገባ ጉሙ ገና አልተነሣም። ዛፎቹ በእንግሊዝኛ ሬድዉድ የሚባሉት ናቸው፤ እናቴ ግን ወዲያው «ዝግባ» ብላ ሰየመቻቸው፤ እኔም አላረምኋትም። እዚያ ያለው ረጅሙ ዛፍ 79 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ቀና ብሎ ጫፉን ለማየት የሚሞክር ሰው አንገቱን ያመዋል እንጂ ጫፉን አያገኘውም፣ ጉም ውስጥ ገብቷልና። ጥቂት እንደ ተራመድን እናቴ ሳትናገር ቆመች፤ ከዚያም ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ልክ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንደምትገባ ሰው መስቀለኛ አጣፋችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይኼ እኮ ደብር ነው» አለችኝ።

ይህን ለአስጎብኚዋ እንዴት እንደምተረጉመው ለጊዜው ጨነቀኝ። እኛ አገር፣ በተለይ በጎንደርና በጎጃም፣ ዙሪያውን ሁሉ እርሻና ግጦሽ በሆነ መሬት መካከል አንድ ጥቁር አረንጓዴ ክብ ከሩቅ ከታየ እርሱ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው የቀረው ታቦት ባለበት ብቻ ነው፤ መጥረቢያ ይዞ ቅጥሩን የሚያልፍ ሰው የለምና። ስለዚህ ለእናቴ ትልቅ ዛፍ ካለ የሚጠብቀው አንዳች ነገር አለ ማለት ነው። አዳራሽ የሚያህለውን ጸጥታ ዞር ዞር ብላ አየችና፣ ጉዞውን ሁሉ ከዚያ በኋላ የመራውን ጥያቄ ጠየቀች፦ «ቤተ ክርስቲያን ከሌለው ታዲያ ማን ጠበቀው?»

አስጎብኚዋ «እመጣበታለሁ» ብለው አስቀድመው ስለ ጉሙ ነገሩን። በዚህ የካሊፎርኒያ ዳርቻ ከግንቦት እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። እናቴ ጎርፉንና ጭቃውን ትታ የመጣች ሴት ናትና «ነሐሴ ያለ ዝናብ?» ብላ አላመነችም። እነዚህ ዛፎች በጋውን የሚያልፉት ከውቅያኖሱ በሚነሣው ጉም ነው፤ ቅጠሎቻቸው እንደ ማበጠሪያ ሆነው ጉሙን ይይዙታል፤ ጉሙ ይጠጥርና ጠብ እያለ ወደ ሥሩ ይወርዳል፤ ከፊሉንም ቅጠሉ ራሱ ይጠጣዋል። ሴትዮዋ ይህን እየተናገሩ ሳለ እናቴ የነጠላዋን ጥለት አነሣችና አሳየችኝ። በጥበቡ ክር ላይ እንደ ጨሌ የተደረደሩ ጥቃቅን የውኃ ጠብታዎች ነበሩ። የትኛውም ማብራሪያ እንደዚያ ጥለት አላስረዳኝም።

ሥሩ ደግሞ ለቁመቱ የሚመጥን አይደለም፤ ከ4 ሜትር እምብዛም አይጠልቅም፤ ወደ ጎን ግን 30 ሜትር ያህል እየሄደ ከጎረቤቶቹ ሥር ጋር ይጠላለፋል። አስጎብኚዋ ከመሬት አንዲት የወይራ ፍሬ የምታህል ደረቅ ኮን፣ ማለትም የዛፉን የዘር ማኅደር፣ አንሥተው በእናቴ መዳፍ ላይ አኖሯት፤ ከውስጧ የወጣው ዘር ከቲማቲም ዘር አይበልጥም። እናቴ ዘሩን አየችው፣ ዛፉን አየችው፣ እንደገና ዘሩን አየችው። ከደኑ ምንም ነገር ይዞ መውጣት ክልክል መሆኑን ስነግራት ከወሰዱበት ቦታ በእጇ አስቀመጠችው።

በመግቢያው አጠገብ በ1930 የወደቀ ዛፍ ግንድ ተቆርጦ ቆሟል፤ ቀለበቶቹ ተቆጥረው የተወለደበት ዓመት 909 ተብሎ ተጽፎበታል፤ በላዩም የኮሎምበስ ጉዞና የአሜሪካ ነፃነት የታወጀበት ዓመት ተመልክቷል። እኔ ግን ጣቴን ከመካከሉ ወደ ውጭ እያንሸራተትሁ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበትን ዘመን ፈለግሁላት። ያን ጊዜ ይህ ዛፍ ወደ 300 ዓመት ተጠግቶ ነበር። እናቴ እዚያች ቀለበት ላይ ጣቷን አሳርፋ ሌሎቹ ጎብኚዎች እስኪያልፉ ቆየች።

ካቴድራል ግሮቭ በተባለው የደኑ ክፍል አንድ መታሰቢያ ጽሑፍ አለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን ለማቋቋም በ1945 በሳን ፍራንሲስኮ የተሰበሰቡት መልእክተኞች፣ ጉባኤው ሊከፈት ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ያረፉትን ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትን ለማሰብ ግንቦት 19 ቀን እዚህ ተገኝተዋል። ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ። ኢትዮጵያ በዚያ ጉባኤ ከተወከሉት 50 አገሮች አንዷ ነበረች፤ ከአፍሪካ ደግሞ ከግብጽ፣ ከላይቤሪያና ከደቡብ አፍሪካ ጋር አራት ብቻ ነበሩ። ከመልእክተኞቻችን መካከል አክሊሉ ሀብተ ወልድ ይገኙ ነበር። አገሪቱ ከወረራ ነፃ ከወጣች ገና 4 ዓመቷ ነው፤ የመንግሥታቱ ማኅበር በጄኔቭ የንጉሡን አቤቱታ ሰምቶ ምንም ካላደረገ ደግሞ 9 ዓመት። ያ ሁሉ ከደረሰባት በኋላ «እንደገና እንሞክር» ብላ ከፈራሚዎቹ ጋር መቀመጧ ያኮራኛል፤ ያን የመሰለ ተስፋም እንደዚህ ያለ ቦታ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። እናቴ ይህን ስተረጉምላት «ጃንሆይን ያላዳመጡት እነሱ ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይደሉም፣ ከእነሱ በኋላ የተቋቋመው ነው» አልኋት።

አሁን ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። በ1800ዎቹ አጋማሽ የወርቅ ፈላጊዎቹ ከተማ ማደግ ስትጀምር የአካባቢው ሬድዉድ ተጨፍጭፎ ቤትና መርከብ ሆነ። ይህ ሸለቆ የተረፈው እንጨቱን ማውጣት አስቸጋሪ ስለነበር ነው። በ1904 በሳን ፍራንሲስኮ የሴቶች ክበብ የተሰባሰቡ እናቶች ደኑ ይጠበቅ ብለው ዘመቻ ጀመሩ፤ በ1905 ደግሞ ዊልያም ኬንት የተባለ ባለጸጋና ባለቤቱ ኤልዛቤት 611 ኤከር መሬት፣ ማለትም ወደ 247 ሄክታር፣ በ45,000 ዶላር ገዙት። ገንዘቡ ብድር ነበረበት፤ ሚስቱ ስትሰጋ ኬንት ያለንን ሁሉ አጥተን ዛፎቹን ብናድን አይበቃንም ወይ እንዳላት ይነገራል።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1907 አንድ የውኃ ኩባንያ በሸለቆው መካከል የሚፈሰውን ጅረት ገድቦ የውኃ ማጠራቀሚያ ሊያደርገው ተነሣ፤ መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም በሚል ለማስለቀቅም ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ኬንት ተከራክሮ እንደማያሸንፍ ስላወቀ የደኑን ዋና ክፍል፣ ወደ 119 ሄክታር፣ ለፌዴራሉ መንግሥት በስጦታ ሰጠ፤ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትም ጥር 9 ቀን 1908 «ብሔራዊ ሐውልት»፣ ማለትም በሕግ የሚጠበቅ ቦታ፣ ብሎ ዐወጀው። ስሙም በኬንት ጥያቄ ለተፈጥሮ ተሟጋቹ ለጆን ሚዩር ተሰጠ። ፕሬዚዳንቱ «በአንተ ስም እንሰይመው» ሲሉት ኬንት ስሜን የሚያስጠሩ አምስት ወንዶች ልጆች አሉኝ ብሎ መለሰ። እናቴ ይህን ስትሰማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ተባረክ» አለች።

አስጎብኚዋ በዚህ ቢያቆሙ ታሪኩ ያማረ ይሆን ነበር፤ ግን አላቆሙም፤ አመሰገንኋቸው። ይኸው ኬንት በኋላ የምክር ቤት አባል ሆኖ የእስያ ስደተኞችን አጥብቆ የተቃወመ ሰው ነው፤ ሚዩር እንዳይሠራ ለዓመታት የተሟገተበትን የሄች ሄቺን ሸለቆ ግድብም ደግፏል። እኔም ስደተኛ ነኝ። ይህን ለእናቴ ከመናገሬ በፊት ጥቂት አመነታሁ፤ ከዚያ ነገርኋት። እናቴ ቡራኬዋን አልመለሰችም፤ «እግዜር ደጉን ሥራውን አይቶ ይማረው» ብቻ አለች።

ከዚያ ወደ ሳውሳሊቶ ወረድን። የጉዞው ወረቀት ደኑንና ከተማዋን ሁለት ለየቅል የሆኑ ማረፊያዎች አድርጎ ያስቀምጣቸዋል፤ አንዱ ለእግር ጉዞ፣ ሌላው ለምሳ። እኔ ግን ያን ቀን የገባኝ ሁለቱ በአንድ ውኃ የተያያዙ መሆናቸው ነው። ሳውሳሊቶ ማለት በስፓኝ ቋንቋ ትንሽ የአኻያ ቁጥቋጦ ማለት ነው፤ አኻያ ደግሞ ምንጭ ባለበት ይበቅላል። በ1830ዎቹ መሬቱን የያዘው እንግሊዛዊው መርከበኛ ዊልያም ሪቻርድሰን የምንጩን ውኃ ወደ ባሕረ ሰላጤው ለሚገቡ መርከቦች ይሸጥ ነበር። ለመርከብ ውኃ ትሸጥ በነበረችው በዚህች ዳርቻ ሰው ሲበዛ ምንጩ አልበቃም፤ ጅረቱን ለመገደብ የተነሣውም በእርሷ ይሠራ የነበረ ኩባንያ ነው። እናቴ «ውኃውን ታዲያ ከየት አገኙት?» አለች። በ1912 የአካባቢው ሕዝብ የራሱን የውኃ ድርጅት አቋቁሞ በታማልፓይስ ተራራ ላይ ባሉ ሌሎች ሸለቆዎች ግድቦች ሠራ። የከተማዋ ጥማት እውነተኛ ነበር፤ ደኑ የዳነው ሌላ ሸለቆ በውኃ ተሞልቶ ነው። ይህን ሳስብ ያ ያየነው ጸጥታ የበለጠ ከበደኝ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚህች ትንሽ ከተማ ውስጥ 93 መርከቦች ተሠርተዋል፤ ከጦርነቱ በኋላም ሰዎች የተረፈውን ጀልባና እንጨት ሰብስበው በውኃው ላይ ቤት ሠሩ፤ ዛሬ ከ400 በላይ ተንሳፋፊ ቤቶች አሉ። እኛ ግን ለማየት አልደረስንም፤ የተሰጠን አንድ ሰዓት ነበር። የግማሽ ቀን ጉዞ ጉድለቱ ይህ ነው፤ በደኑም የቆየነው ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም፤ እናቴ ገና መቀመጥ ስትፈልግ ተነሡ ተባልን። ሆኖም ብቻዬን ብሄድ ስለ ኬንት ዕዳም ስለ ጅረቱም ሳልሰማ ፎቶ አንሥቼ እመለስ ነበር።

ተጓዦቹ ዓሣ ወደሚሸጥባቸው ምግብ ቤቶች ሲበተኑ እኔና እናቴ በውኃው ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጾመ ፍልሰታ ስለነበረ እስከ 9 ሰዓት ምንም አትቀምስም። አስጎብኚዋ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። አስተርጓሚነቴ የሚያስፈልግ መስሎኝ ቀረብ አልሁ፤ ነገር ግን ሁለቱም ማዶ ያለችውን ሳን ፍራንሲስኮን እያዩ ዝም ብለው ነበርና ተመልሼ ቆምሁ።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ ጉሙ ከውቅያኖሱ በኩል እየገባ፣ ከሥራችን አልፎ ወደ ኮረብታዎቹ ይወጣ ነበር። ቀዩ ምሰሶ ግማሹ ጠፍቷል። ፊት ለፊት የተቀመጡት ጎብኚዎች ፎቶው ተበላሸብን ብለው ሲያዝኑ፣ እናቴ ወደ ኋላ ዞራ ጉሙን በዓይኗ ተከተለችውና «ውኃቸው እየሄደላቸው ነው» አለችኝ።