ቆዳችንን ሳናስቆጣ፦ ስለ ፔፕታይድ ክሬም በባሕር ዳር የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼም፤ እንደምን ዋላችሁ?

ቅዳሜን ገበያ ውላችሁ፣ ድካማችሁን ችላችሁ እዚህ በመገኘታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዳራሹ ውስጥ መምህራን አያለሁ። ጣና ዳር ዓሣ የሚሸጡ እናቶችን አያለሁ። ባጃጅና ሚኒባስ የሚያሽከረክሩ ወንድሞችም ከኋላ ተቀምጠዋል። «ይሄማ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ስላልቀራችሁ ደግ አድርጋችኋል። ለምን ደግ እንዳደረጋችሁ ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ሥራዬ መድኃኒት ማደል ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ከመድኃኒት እኩል የምጠየቀው ስለ ፊት ክሬም ሆኗል። በተለይ ደግሞ ፔፕታይድ ስለሚባለው። ወጣቶቹ ቲክቶክ ላይ አይተው ይመጣሉ። እናቶች ደግሞ ከውጭ የመጣ ዘመድ የሰጣቸውን ብልቃጥ ከቦርሳቸው አውጥተው «ልጄ፣ ይሄ ነገር ምን ያደርግልኛል?» ይሉኛል። መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ፔፕታይድ ጥሩ ረዳት ነው፤ ተአምር ግን አይሠራም። እኔ የምወደው በአንድ ጠባዩ ነው። ቆዳን አያስቆጣም። ለእኛ ቆዳ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በቅድሚያ ፊታችን ለምን እንደሚሸበሸብ እንይ። የቆዳችን ውስጠኛው ክፍል በአብዛኛው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። የጭቃ ቤት ስንመርግ ጭቃው ላይ ጭድ እንጨምራለን። ጭዱ ባይኖር ግድግዳው ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ኮላጅን ለቆዳ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ አያይዞ፣ ወጥሮ ይይዘዋል። ከ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ በኋላ ኮላጅናችን በየዓመቱ 1 በመቶ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። የወር አበባ ሲቋረጥ ደግሞ ነገሩ ይፈጥናል። በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ብቻ ከቆዳ ኮላጅን እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ሊጠፋ ይችላል። «ምነው ባንድ ጊዜ አረጀሁ» የምትሉኝ እናቶች፣ ያያችሁት እውነት ነው። ሰውነታችሁ ውስጥ በእርግጥ የተለወጠ ነገር አለ።

ዕድሜን የሚያቆም የለም። ከዕድሜ ጋር ተባብራ ኮላጅንን የምትበጣጥሰው ግን ፀሐይ ናት፤ እሷን መከላከል እንችላለን። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ትገኛለች። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። በዚያ ላይ የጣና ነፋስ አለ። ከዘጌ በጀልባ ስትመለሱ ነፋሱ ፊታችሁን ያቀዘቅዘዋል፤ ፀሐዩ የነካችሁ አይመስላችሁም። ማታ ስትታጠቡ ነው ግንባራችሁና የአፍንጫችሁ ጫፍ የሚለበልባችሁ። ክረምትም ቢሆን ቀጭን ደመና ጨረሩን አያስቀረውም።

ሾፌሮች፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት የአንድ የ69 ዓመት ሰው ፎቶግራፍ አወጣ። ሰውዬው ለ28 ዓመታት የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። የፊቱ ቀኝ ጎን ዕድሜውን ይመስላል። በመስኮቱ በኩል የነበረው ግራ ጎኑ ግን ወፍሮ፣ ተጨማዶ፣ ጥልቅ መስመር አውጥቶ የሌላ ሰው ፊት ሆኗል። የመኪና የጎን መስታወት የሚያቃጥለንን ጨረር በአብዛኛው ያስቀራል። ወደ ውስጥ ዘልቆ ኮላጅን የሚጎዳውን ዩቪኤ ግን በብዛት ያሳልፋል። እዚህ ከተማ ሚኒባስ የምትነዱ ሁሉ ግራ ጉንጫችሁ በመስኮት በኩል ነው። ባጃጅማ ጭራሽ መስታወትም የለው። የመጣችሁት ስለ ራሳችሁ ልትሰሙ ነው ማለት ነው።

ወደ ፔፕታይድ ልግባ። ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች ተያይዘው ነው። ጥቂቶቹ ብቻ ሲያያዙ ፔፕታይድ እንላቸዋለን። የፕሮቲን ቁራጭ በሉት። ኮላጅን ሲበጣጠስ እንዲህ ያሉ ቁራጮች እዚያው ቆዳ ውስጥ ይቀራሉ። ኮላጅን የሚያመርቱት ሴሎች ቁራጮቹን ሲያገኙ ጉዳት መድረሱን ያውቃሉ፤ አዲስ ማምረት ይጀምራሉ። እንግዲህ ተመራማሪዎች፣ ቁራጩን ራሳችን ሠርተን ብንቀባውስ ብለው አሰቡ። ሐሳቡ በአጭሩ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 ሎረን ፒካርት የተባለ ተመራማሪ ከሰው ደም ውስጥ 3 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉትን አንድ ፔፕታይድ ለየ። ይህ ፔፕታይድ ከመዳብ ጋር ይጣመራል። ዕድሜያችን ሲገፋ በደማችን ውስጥ ያለው መጠን ይቀንሳል። ሰማያዊ ሴረም (ፊት ላይ የሚቀባ ቀጭን ፈሳሽ) ካያችሁ ብዙ ጊዜ ይኸው የመዳብ ፔፕታይድ ነው። ቀለሙ የመጣው ከመዳቡ ነው።

በስፋት የሚሸጠው ሌላኛው ማትሪክሲል በሚል የንግድ ስም ይታወቃል። የኬሚካል ስሙ ፓልሚቶይል ፔንታፔፕታይድ-4 ነው። 5 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ከኮላጅን ክፍል የተቀዳ ነው። ቆዳ ትልልቅ ነገር አያስገባም፤ ውኃ ወዳድ የሆነውንም አይወድም። ስለዚህ ፔፕታይዱ ላይ የቅባት ጭራ ተቀጠለለት። «ፓልሚቶይል» የሚለው ቃል ያንን ጭራ ነው የሚያመለክተው። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 55 የሆነ 93 ሴቶች ለ12 ሳምንታት ግማሽ ፊታቸውን ፔፕታይድ ያለው ክሬም፣ ግማሹን ደግሞ ፔፕታይድ የሌለው ያንኑ ክሬም ተቀቡ። ፔፕታይድ የተቀባው ጎን ላይ ቀጫጭን መስመሮች ቀነሱ። ቆዳቸውም አልተቆጣም።

ደስ የሚል ውጤት ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ጥናቱን ያደረጉት ክሬም የሚሸጥ ድርጅት ተመራማሪዎች ናቸው። የተሳተፉትም ነጭ ሴቶች ነበሩ። ስለዚህ እኔ ፔፕታይድን የማየው በልክ ነው፤ ቀጫጭን መስመር ያለሰልሳል፣ ቆዳውን ያለዝበዋል፤ ጥልቅ ሽብሽብ ግን አያጠፋም። ያውም 3 ወር ያህል ሳታቋርጡ ከተቀባችሁት ነው። በሳምንት ፊት ይለውጣል የሚላችሁን አትስሙት። «ቦቶክስ በብልቃጥ» ተብሎ የሚሸጥ አሴቲል ሄክሳፔፕታይድ-8 የሚባልም አለ። ቦቶክስ በመርፌ ጡንቻ ድረስ የሚገባ መድኃኒት ነው። የሚቀባ ነገር ያንን ያህል አይሠራም። ብትቀቡት አይጎዳችሁም፤ በዚያ ስም ተጋንኖ ለተሰቀለው ዋጋ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ።

አሁን እዚህ ያመጣኝን ነገር ልንገራችሁ።

የእኛ ቆዳ ሜላኒን የታደለ ቆዳ ነው። ሜላኒን ከፀሐይ በመጠኑ ይጋርደናል፤ ሽብሽብም ዘግይቶ ይመጣብናል። በምትኩ ግን ቆዳችን በተቆጣ ቁጥር ጥቁር ምልክት ይተዋል። ብጉር ሲፈነዳ፣ ክሬም ሲያቃጥል፣ በስኳርና በሎሚ ሲፈተግ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥቁረት ለወራት አይለቅም። ማዲያትም ይብሳል። ለሌላው ሰው ትንሽ መቅላት የሆነው ለእኛ የወራት ጠባሳ ነው። «ካላቃጠለ አይሠራም» የሚባለው አነጋገር ስንቱን ፊት እንዳበላሸ በየቀኑ ነው የማየው።

አንዲት እህታችን ወደ እኔ መጣች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተሸፋፍናለች። ስትገልጠው ጉንጯ ላይ ቀያይ፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ወጥተዋል። ቆዳዋ ሳስቷል። ከአፏ ዙሪያ ሽፍታ አለ። ፊት ያጠራል ብለው የሸጡላትን ቅባት ለወራት ተቀብታዋለች። ስትተወው ፊቷ ይነድዳል፤ ስለዚህ መልሳ ትቀባዋለች። ቱቦውን ተቀብዬ አገላበጥኩት። ከጀርባው በጣም በደቃቁ ክሎቤታሶል ይላል። ክሎቤታሶል ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። ሐኪም ለአጭር ጊዜ፣ ለተወሰነ በሽታ ያዘዋል። ፊት ላይ በየቀኑ ሲቀባ ኮላጅኑን ራሱን ያሳሳዋል። ወጣት ለመምሰል የገዛችው ነገር ነው ያስረጃት። እህቶቼ፣ ይህ ያንገበግበኛል። አንዳንድ የፊት ማንጫ ቅባቶች ደግሞ ሜርኩሪ ይገኝባቸዋል፤ እሱ ኩላሊት ይጎዳል። መለያው ያልተጻፈበት፣ በብልቃጥ የተቀላቀለ ቅባት ፊታችሁ ላይ አታድርጉ። እባካችሁ።

እንዲህ ያለ ቅባት ጀምራችሁ ከሆነ ብቻችሁን ባንድ ጊዜ አታቁሙት። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ቀስ በቀስ የሚያስተዋችሁ እሱ ነው። ቱቦውንም ይዛችሁ ሂዱ።

እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ የምመክረው አጭር ነው። ማታ ፊታችሁን ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ታጠቡ። የልብስ ሳሙና አይሆንም። በፎጣ አትፈትጉት፤ እርጥበቱን ጫን ጫን እያደረጋችሁ አንሡ። ገና ጤዛ እንዳለው ፔፕታይድ ያለውን ሴረም ወይም ክሬም የአተር ፍሬ ያህል ወስዳችሁ ግንባር፣ ሁለቱ ጉንጮችና አገጭ ላይ አኑሩ። ከዚያ በቀለበት ጣት፣ ሳትጎትቱ ዘርጉት። አንገታችሁን አትርሱ፤ ነጠላው የማይሸፍነውን ደረታችሁንም። ደረቅ ቆዳ ያላችሁ ከላዩ ወፈር ያለ ማለስለሻ ጨምሩ። ቫዝሊን እንኳ ይበቃል። በቃ።

ጠዋት ታጠቡ፣ ማለስለሻ ተቀቡ፣ በመጨረሻ የፀሐይ መከላከያ። ብልቃጡ ላይ ኤስፒኤፍ (SPF) ከሚለው አጠገብ ያለው ቁጥር 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ደጅ የምትውሉ በየ2 ሰዓቱ ድገሙት። ማዲያት ያለባችሁ ቀለም ያለውን፣ ብረት ኦክሳይድ የተጨመረበትን ፈልጉ። ማዲያት የሚብሰው በሚታየው ብርሃንም ጭምር ነው፤ እሱን የሚጋርደው ቀለሙ ነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ከሬቲኖል ጋር ስለማወዳደር ነው። ሬቲኖል የቫይታሚን ኤ ዘር ነው። ከፔፕታይድ የበለጠ ማስረጃ አለው። ነገር ግን ይልጣል፣ ያቃጥላል። ነፍሰ ጡር አትቀባውም። ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ በፔፕታይድ ጀምሩ። ቆዳችሁ ሲረጋጋ ሬቲኖልን በሳምንት ሁለት ማታ፣ ፔፕታይድን በቀሩት ማታዎች ማድረግ ይቻላል። የመዳብ ፔፕታይድን ግን ከጠንካራ የቫይታሚን ሲ ሴረም ጋር በአንድ ጊዜ አትደርቡ፤ አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ማታ።

አዲስ ነገር ስትገዙ መጀመሪያ ከጆሯችሁ ጀርባ ጥቂት ቀብታችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ። ካሳከከ፣ ተዉት። ፔፕታይድ ያለው የፊት ሳሙና አትግዙ። ታጥቦ ለሚሄድ ነገር ገንዘብ አይከፈልም። በመለያው ላይ ፔፕታይዱ ወደ መጨረሻ ቢጻፍ አትደንግጡ፤ በትንሽ መጠን ስለሚሠራ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ከተማችን ስትሞቅ ብልቃጡን መስኮት ላይ ወይም ባጃጅ ውስጥ አትተዉት። ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት።

ምግብም ድርሻ አለው። ሰውነት ኮላጅን ለመሥራት ፕሮቲንና ቫይታሚን ሲ ይፈልጋል። ዓሣው ደጃችን ነው። በጾም ሽሮና ምስር አለ። ዘይቱን ደግሞ በቫይታሚን ሲ ከብርቱካን ይበልጣል።

ስለ ገንዘብ በግልጽ እንነጋገር። እነዚህ ነገሮች ውድ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ለመግዛት አቅም ካላችሁ ፔፕታይዱን ተዉትና የፀሐይ መከላከያውን ግዙ። ይህን የምለው ማስረጃው ስላለ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ከ900 በላይ አዋቂዎች ለ4 ዓመት ተኩል ተጠንተው ነበር። በየቀኑ መከላከያ እንዲቀቡ የተመደቡት፣ ሲመቻቸው ብቻ ከተቀቡት ይልቅ ቆዳቸው በ24 በመቶ ያነሰ እርጅና ታየበት። ለዚህም አቅም ከሌለ ሰፊ ኮፍያ አለ፣ ዣንጥላ አለ። እናቶቻችን ጣና ዳር ነጠላቸውን ግንባራቸው ላይ አውርደው የሚቀመጡት ያለ ነገር አይደለም። ለዓሣ ሻጮቹ ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ጥላ ከሌለ አብረን እንጠይቅ። ሸራ መወጠር ለከተማ ከባድ ነገር አይደለም።

ንግግሬን እዚህ ላይ ላቁም። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። በቦርሳችሁ ክሬም የያዛችሁ ደግሞ ወደ ፊት አምጡት፤ እዚህ ጠረጴዛው ላይ መነጽሬን አድርጌ መለያውን አንድ በአንድ አብረን እናነባለን።