ልጆቹ ሲመለሱ ማን ይቀበላቸው?

የተከበራችሁ የደብረ ማርቆስ ነዋሪዎች፣ ወላጆች፣ መምህራን፣

ከሐምሌ 2015 ወዲህ ያየነውን አልዘረዝርላችሁም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን፣ የኢንተርኔቱን መቋረጥ፣ የመንገዱን መዘጋት ሁላችንም ኖረንበታል። ዛሬ የቆምኩት ትምህርታቸው ተቋርጦ አሁን ወደ ግቢ ስለሚመለሱት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው።

ዩኒቨርሲቲ ጥሪ የሚያደርገው በቴሌግራምና በፌስቡክ ነው። እዚህ ደግሞ ዳታ አልነበረም። ስለዚህ ልጁ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ይደውላል። «እስኪ እይልኝ፣ ተጠራን?» «ገና ነው።» ቢጠሩም መንገዱ አለ። ዓባይ በረሃን የሚሻገር መኪና ከተገኘ ታሪፉ አይቀመስም፤ ስጋቱ ደግሞ ለብቻው። ሻንጣዋን አስራ ጥሪ ስትጠብቅ የተዳረች ልጅ በየሰፈራችን አለች። ይህ ያመኛል።

የዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ጭር ሲል ከተማውም አብሮ ደከመ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ተዘጋ። ለተማሪ እንጀራ ጋግራ ልጆቿን የምታሳድገው እናት ገበያ አጣች። ገጠርም ያው ነው። ማዳበሪያ በጠፋበት ክረምት ገበሬው ለልጁ ትምህርት ያስቀመጠውን ጤፍ ሸጦ ዩሪያ ፈለገ።

በ1967 ደርግ የእድገት በኅብረት ዘመቻን ሲያውጅም የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ነበር። ከ50 ሺህ በላይ ተማሪና አስተማሪ ወደ ገጠር ዘመተ። ያልተመለሱ አሉ። ከተመለሱት ግን ዕድሜያችን ገፋ ብለው ሳያፍሩ ደብተር ያነሱ ብዙ ናቸው።

ጎጃም ደግሞ ተማሪ መያዝ ያውቅበታል። ለቅኔ ዋሸራ፣ ለመጻሕፍት ዲማ ጊዮርጊስ ብሎ ከሩቅ የመጣውን የቆሎ ተማሪ ያኖረችው ውሻዋን አስራ ቁራሽ የምትሰጠው የሰፈር እናት ናት። ዛሬ ወደ ዩኒቨርሲቲያችን የሚመጡትም የሰው አገር ልጆች ናቸው።

አከራዮች፣ እባካችሁ ቀብድ አትጠይቋቸው፤ የመጀመሪያውን ወር ታገሷቸው። መምህራን፣ በ24 ዓመቱ ፍሬሽማን የሆነውን ልጅ «አንተ እስካሁን የት ነበርህ?» አትበሉት። የት እንደነበረ እናውቃለን። አባቶች፣ ያገባችውም ትመለስ። የወለደችውም ትመለስ፤ ሕፃኑን አያቱ ትያዝላት።

አዳራሹ በር ላይ መዝገብ ተቀምጧል። ባዶ ክፍል ያለው፣ በቀን አንዴ ተማሪ ላብላ የሚል ስሙንና ስልኩን ይጻፍ። እኔና ባለቤቴ ሁለት ተማሪ ብለን ጽፈናል። ሴቶቹን ብናስቀድም ደስ ይለናል።

አመሰግናለሁ።